የእንፋሎት ድስትና የ92 ዲግሪው ውሃ

የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅም ሆነ በቴሌግራም ገጽ ላይ አሁን አሁን ባለ ፎቅ ድስት የማይታይበት የለም። ከታች ውሃ የሚይዝ ድስት፣ ከላዩ ቂጡ የተበሳሳ አንድ ወይም ሁለት ድስት፣ ከሁሉም በላይ የመስታወት ክዳን። ሻጩ «ኦሪጅናል ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም፣ ቫይታሚን አያጠፋም፣ ቶሎ ያበስላል» ይላል። የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው እንደ አያያዛችን ነው። ሦስተኛው ለጎመን እውነት ሲሆን ለቆስጣ ግን መታሰብ ያለበት ነገር አለ። አራተኛው ሻጩ በሚያስበው መንገድ አይደለም፤ ከእሱ ልጀምር፣ የመብራትና የጋዝ ወጪያችንን የሚወስነው እሱ ነውና።

ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለናል። ይህ እውነት የሚሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ የሚጫነው አየር ሲቀልለት ደግሞ ውሃ ብዙም ሳይሞቅ ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን 90 ተኩል ገደማ፣ ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ይሆናል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ሆና በዩቲዩብ «ድንቹን ሃያ ደቂቃ ቀቅሉት» የምትለን እህታችን የምትቀቅለው በ100 ዲግሪ ነው። የእሷን ደቂቃ ቆጥሮ አዲስ አበባ ላይ ድስቱን ያወጣ ሰው ድንቹ ልቡ ጥሬ ሆኖ ቢያገኘው ጥፋቱ የድንቹም የድስቱም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እሳት ይጨምራል። ውሃው ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ ኩሽናው ጉም ይለብሳል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው 92 ላይ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ የምንጨምርለት እሳት ሁሉ የሚሄደው ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ እንጂ ይበልጥ ለማሞቅ አይደለም። ፍል ፍል የሚለው ድስትና የሚንተከተከው ድስት አንድ ዓይነት ሙቀት አላቸው፤ ልዩነታቸው ቆጣሪው ላይ ነው የሚታየው።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ 92 ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ አንድ ሊትር አሟጥጦ እንፋሎት ለማድረግ ግን 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ ይጠይቃል። በመብራት ስሌት ከስድስት አሥረኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። በመስኮት ወጥቶ የሚሄደው ጉም ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ውሃው እስኪፈላ ድረስ ሙሉ እሳት፣ ከፈላ በኋላ ዝቅ። መጠኑን ለማወቅ ክዳኑን ማየት ይበቃል፤ ከዳሩ ቀጭን እንፋሎት ሳይቋረጥ የሚወጣ ከሆነ እሳቱ ልክ ነው።

እንፋሎቱ ራሱ ምን ያህል ይሞቃል? እንደፈላው ውሃ፣ 92 ዲግሪ። ታዲያ ውሃ ውስጥ ሳይነከር ድንቹን በምን ያበስለዋል ቢባል፣ ያ ሰባት እጥፍ ሙቀት እንፋሎቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስላለ ነው። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆንም የያዘውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ይጥላል። ድንቹ ላይ፣ ካሮቱ ላይ፣ ካልተጠነቀቅንም ክንዳችን ላይ። 200 ዲግሪ የሞቀ ኦቭን ውስጥ ያለውን አየር እጃችን ለቅጽበት ይችለዋል፤ በ92 ዲግሪ እንፋሎት ግን ወዲያው ይላጣል። ክዳን ሲነሳ መጀመሪያ ከራስ በተቃራኒ ያለው ዳር ከፍ ይበልና እንፋሎቱ ወደዚያ ይውጣ፤ ፊት ደግሞ ከድስቱ በላይ አይሁን።

እንግዲህ ሻጩ «ቶሎ ያበስላል» ያለው ከየት መጣ? ከውሃው ማነስ ነው። ሁለት ኪሎ ድንች ለመቀቀል ሦስት ወይም አራት ሊትር ውሃ እናፈላለን፤ በእንፋሎት ለማብሰል አንድ ሊትር ይበቃል። አንድ ሊትር ቶሎ ይፈላል፣ ጊዜውም የሚተርፈው እዚያ ነው። ከፈላ በኋላ ድንቹ ውሃ ውስጥ ቢሆንም እንፋሎት ላይ ቢሆንም የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ነው፣ እንዲያውም እንፋሎት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። በተለይ ላይኛው ፎቅ ተጠቅጥቆ ከተሞላ እንፋሎቱ መተላለፊያ ያጣል። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በድንች ከደፈንናቸው በኋላ ባለ ሦስት ፎቅ ድስት መግዛታችን ትርጉም የለውም። ቶሎ የማይበስለው፣ ድንቹና ቀይ ሥሩ፣ ከታች፤ ጎመኑና ዝኩኒው ከላይ።

ታች ያለው ውሃ እንዳያልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ረጅም ሰዓት የሚፈልግ ነገር ሲሆን ነው። 1,500 ዋት የሚስብ ስቶቭ ሙቀቱ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ቢገባ በሰዓት ወደ 2.4 ሊትር ውሃ ያተናል። ሁሉም ስለማይገባ ግማሹን እንኳ ብንወስድ አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ነው። እሳቱን ዝቅ ካደረግን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆየናል። ውሃ መጨመር ካስፈለገ የፈላ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንፋሎቱን ቀጥ ያደርገዋል። ታች ያለውን በየጊዜው እየከፈቱ ላለማየት አንድ ዘዴ አለ፤ በደንብ የታጠበ ብይ ወይም ሳንቲም ውሃው ውስጥ ጣል ማድረግ። ውሃው እስካለ ድረስ ይንኳኳል፤ ድምፁ ከጠፋ ውሃው አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው።

ህብስት በአዲሱ ድስት

በእንፋሎት ማብሰል ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ህብስትን ረስቷል። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጎ፣ ከውሃው በላይ እንጨት ረብርቦ፣ ኮባ አንጥፎ፣ ሊጡን በላዩ ገልብጦ፣ ክዳኑን እንፋሎት እንዳያሾልክ አድርጎ መግጠም እናቶቻችን ቀድሞውኑ የሚያውቁት ሥራ ነው። ዛሬ «የእንፋሎት ዳቦ» እየተባለ የሚሠራውም ይኸው ነው፤ ርብራቡን የተካው የተበሳሳ ስቴንለስ ሆነ እንጂ። ይሁን እንጂ አዲሱ ድስት አሮጌው ያልነበሩበት ሁለት ችግሮች አሉበት።

አንደኛው ጠብታ ነው። የሸክላ ክዳን እርጥበት ይመጥጣል፤ መስታወትና ብረት አይመጥጡም። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ይጠራቀምና ዶቃ ዶቃ እየሆነ ይወርዳል። ክዳኑ ጎበጥ ያለ ከሆነ ጠብታው በጎኑ ተንሸራቶ ዳር ዳሩን ይፈስሳል፤ ዝርግ ከሆነ መሃል ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል። ዳቦው ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚታየው የተቦረቦረና ሊጥ ሊጥ የሚል ክብ ነጥብ የዚህ ምልክት ነው፤ «እርሾው አልሠራም» ተብሎ በከንቱ የሚወቀስበት ጊዜ ብዙ ነው። መፍትሔው ከክዳኑ ሥር ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወጥሮ አራቱን ጫፍ ወደ ላይ አንስቶ ክዳኑ ጉጥ ላይ ማሰር ነው። ጫፎቹ ወደ ታች ከተንጠለጠሉ ቡታጋዝ ላይ እሳት ይይዛቸዋል።

ሁለተኛው የውሃው ከፍታ ነው። የተበሳሳው ድስት ቂጥና ውሃው መካከል ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከሌለ፣ ውሃው ሲንተከተክ በቀዳዳዎቹ ዘልሎ ይገባና የዳቦው ታች ረጥቦ ይቀራል። ኮባ የሚነጠፈው ለሽታው ብቻ አይደለም፣ ይህንንም ይከላከላል። ሊጡ መግባት ያለበት እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክዳኑን ባይከፍቱት ይሻላል። ዳቦው ነጭ ሆኖ ቢወጣ አይግረምዎ። ዳቦ ፊቱን ቡናማ የሚያደርገው ለውጥ በደንብ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው፤ 92 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ የቱንም ያህል ቢቆይ ቅርፊት አያወጣም። ቅርፊት ከተፈለገ መጨረሻ ላይ ምጣድ ላይ ገልበጥ ማድረግ ነው።

ከ92 በላይ ለመውጣት

ሙቀቱን በእውነት ከፍ ማድረግ የሚቻለው እንፋሎቱን በማፈን ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ ለሳይንስ ሊቃውንቱ ማኅበር አጥንት የሚያልም ድስት ሲያሳይ የሠራው ይህንኑ ነው፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ግፊቱ ሲያይል የሚከፈት ማስተንፈሻም የእሱው ሥራ ነው። የዛሬው ፕሬሸር ኩከር ከዚያ ብዙም አልራቀም። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውሃውን መልሶ ይጫነዋል፤ የተጫነ ውሃ ደግሞ ለመፍላት ይበልጥ መሞቅ አለበት። ግፊቱን በአንድ ከባቢ አየር ያህል፣ ማለትም ባሕር ጠለል ላይ አየሩ የሚጫነውን ያህል፣ የሚጨምር ድስት ባሕር ጠለል ላይ 120 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ 116 ወይም 117 ዲግሪ ይደርሳል።

ከ92 ወደ 117 ሃያ አምስት ዲግሪ ነው። ለኬሚካዊ ለውጥ በግርድፉ የሚሠራበት ስሌት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚል ነው፤ እንደዚያ ካሰብነው ከአምስት እጥፍ በላይ ፈጠነ ማለት ነው። የተዘፈዘፈ ሽምብራ ክፍት ድስት ላይ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ከሆነ እዚህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈርሳል። የደጋ ሰው ከቆላው ይልቅ ፕሬሸር ኩከር ቢያስፈልገው ምክንያት አለው። በግሌ አንድ ድስት ብቻ የመግዛት አቅም ያለው የአዲስ አበባ ሰው ባለ ፎቁን ትቶ ይህንን ቢገዛ እላለሁ፤ ውስጡ ትንሽ ባለ እግር ወንፊት ካስቀመጠበት በእንፋሎትም ያበስልለታል።

ክክ፣ ምስርና ሽምብራ አረፋ ስለሚያወጡ ግን ከግማሽ በላይ መሙላት አይገባም፤ አረፋውና የተላጠው ገለባ ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል። ለሌላው ሁሉ ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ከመግጠም በፊት ማስተንፈሻውን ወደ ብርሃን አንስቶ ቀዳዳው ውስጥ ማየት፣ የክዳኑን ጎሚኒ መዳሰስ፤ ጎሚኒው ደርቆ ከተሰነጠቀ መቀየር። ግፊቱ ሳይወጣ በጉልበት የተከፈተ ክዳን ፊት ላይ የሚያመጣውን አደጋ መዘርዘር አያስፈልግም።

ቦሎቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ለብ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን መክተት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ እየተንተከተከ ከ30 ደቂቃ ላላነሰ መቀቀል ይመከራል፤ እሳት ዝቅ ይበል ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። በደጋ ደግሞ ጊዜውን ማስረዘም ወይም ፕሬሸር ኩከር መጠቀም ነው። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ባቄላው አልበስል ብሎ ሌሊቱን የሚጋፈጠው ሰው ቢኖር፣ ሌላው ተጠርጣሪ ውሃው ራሱ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጥራጥሬን ያጠነክራል።

ለመጠጥ ውሃ የሚያፈሉም ይህን ልብ ይበሉ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ምክር ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ እየፈላ ይቆይ የሚል ነው። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ቫይታሚኑስ?

ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ጎመን ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ አብረው ይደፋሉ፤ በእንፋሎት ሲበስል ውሃው ስለማይነካው የሚበዛው እዚያው ይቀራል። የተቀቀለበትን ውሃ ለሾርባ ወይም ለወጥ የሚጠቀም ሰው ግን ብዙም አይከስርም። እስካሁን ሻጩ ልክ ነው።

ነገር ግን «ምንም አያጠፋም» ማለት «መጥፎውንም አያስወጣም» ማለት ነው። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው እንዲቀንሰው ይመከራል። በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ኦክሳሌቱን በደንብ ይቀንሰዋል፣ እንፋሎት ግን ያን ያህል አይቀንሰውም። ፖታሲየም እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው የኩላሊት ሕመምተኛም ድንቹን ቆራርጦ ቀቅሎ ውሃውን እንዲደፋ የሚነገረው ለዚህ ነው። በደቡብ አካባቢዎች የሚበላው ካሳቫ ደግሞ የሲያናይድ መርዝ የሚፈጥር ነገር ስላለው ተልጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ በብዙ ውሃ መቀቀል አለበት፤ ለእንፋሎት ድስት የሚሆን ምግብ አይደለም።

ብረቱ

ስቴንለስ ስቲል ከዝገት የሚጠብቀው ዝገት የማይነካው ብረት ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው እዚያው የምናውቀው ብረት ነው። ግን ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ተቀላቅሎበታል፤ ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ ጥቂት ሚሊዮንኛ ሚሊ ሜትር ብቻ የምትወፍር ሽፋን ይሠራል። ሽፋኗ ብትጫር አየር እስካለ ድረስ ራሷን መልሳ ትሠራለች። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ውስጥ ይህን ቅይጥ ያገኘው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ ሲሠራ ነበር፤ ብረቱ ከጠመንጃው ይልቅ በቢላዋው ታወቀ።

ድስቱ ላይ 18/10 ወይም 18/8 የሚል ከተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር የክሮሚየሙ፣ ሁለተኛው የኒኬሉ መቶኛ ነው። ይህ በቁጥር 304 የሚባለው ነው፣ ለድስት ጥሩው። 18/0 ኒኬል የለውም፤ ይረክሳል፣ ጨውና አሲድ ላይም ትንሽ ይደክማል። ሌላ 201 የሚባል አለ፤ ውዱ ኒኬል ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት፣ ሲታይ እንደ 304 የሚያብረቀርቅ፣ ጨው ላይ ግን ቶሎ የሚሸነፍ ነው።

በገበያ «ማግኔት ካልያዘው ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ማግኔት 18/0ን ይይዛል፣ 304ን አይዝም፤ ችግሩ 201ንም አለመያዙ ነው። ስለዚህ ማግኔት ርካሹን 201 ከጥሩው 304 አይለይልንም። የሚጠቅመን ሌላ ቦታ ነው፤ ጎኑን ሳይዝ ቂጡን ከያዘው፣ ድስቱ ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ) ላይ እንዲሠራ ታስቦ ቂጡ ላይ ማግኔት የሚይዝ ብረት ተለብጦለታል ማለት ነው። ኢንዳክሽን የገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ይሂድ።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ቂጡን አያለሁ። ስቴንለስ ሙቀት በማስተላለፍ ደካማ ነው፤ አሉሚኒየም ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ መዳብ ደግሞ ከሃያ እጥፍ በላይ። ቀጭን ስቴንለስ ስቶቭ ላይ ሲጣድ ሙቀቱ እሳቱ የነካው ቦታ ላይ ይቀራል፣ ወደ ጎን አይሄድም። ሽንኩርት የተቁላላበትን ቀጭን ድስት ገልብጣችሁ ብታዩት የስቶቩ ሽቦ ክብ ክብ እንደታተመበት ውስጡ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ለዚህ ነው ጥሩ ድስት ቂጡ ውስጥ በሁለት ስቴንለስ መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን የሚታፈንበት። ከጎን ሲታይ ታች ላይ ወፈር ያለ ቀለበት ሆኖ ይለያል፤ በጣት መታ ሲያደርጉት ጎኑ ይጮሃል፣ ቂጡ ግን ድምፁ ይታፈናል። ውሃ ብቻ ለማፍላትና ለእንፋሎት ከሆነ ቀጭኑም ያገለግላል፣ ውሃው ራሱ ሙቀቱን ያዳርሳል። ወጥም እሠራበታለሁ ካሉ ግን በቂጡ ላይ አይቆጥቡ።

አዲስ ድስት ከመጠቀም በፊት ነጭ ጨርቅ በዘይት ነክሮ ውስጡን ማሸት ነው። ጥቁር ነገር ይወጣል፤ ፋብሪካ ውስጥ ሲለሰልስ የቀረ የማለስለሻ ቅሪት ነው። ጨርቁ እስኪነጣ አሽቶ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ። ቲማቲም የበዛበት ነገር ለረጅም ሰዓት ሲበስል ጥቂት ኒኬል ከድስቱ ይለቃል፣ ድስቱ አዲስ ሲሆን በርከት ይላል፣ በተጠቀሙበት ቁጥር ይቀንሳል። ለብዙ ሰው አያሳስብም፤ የኒኬል አለርጂ ያለበት፣ ርካሽ ጉትቻ የሚያሳክከው ሰው፣ ቲማቲሙን 18/0 ላይ ቢያበስል ይመረጣል።

ስቴንለስ ውድ ነው፣ ታዲያ አሉሚኒየሙ ምን ጎደለው ለሚል፣ ፋብሪካ በንጹሕ አሉሚኒየም የሠራው ብዙ አያስፈራም። የሚያሰጋው ከሞተርና ከባትሪ ቁርጥራጭ፣ ከተገኘው ብረት ሁሉ ቀልጦ የሚሠራው ነው፤ ውስጡ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሲያትልና በዙሪያዋ፣ የጤና ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን በመጡ ሕፃናት ደም ውስጥ እርሳስ ለምን በዛ ብለው ሲያጣሩ ቤተሰቦቹ ይዘዋቸው የመጡ የአሉሚኒየም ድስቶችና ፕሬሸር ኩከሮች ላይ ደረሱ። ሲያትል ያለችበት የአሜሪካው የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 በማብሰያ ዕቃ ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ ያወጣውም ከዚህ ተነስቶ ነው።

ስለ ጨውና በረኪና

ስቴንለስን የሚያበላሹት ባብዛኛው ወጥ ቤት ውስጥ የምናገኛቸው ናቸው። ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲጨመር ሳይሟሟ ቂጡ ላይ ይተኛል፤ በተኛበት ቦታ ያችን ቀጭን ሽፋን ይበሳታል። ድስቱን ሲያጠቡት መርፌ የወጋው የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ እነሱ በአቼቶም በምንም አይለቁም። ጨው ውሃው ሲፈላ ይጨመር፣ ይማሰል። በረኪናም ሥራው እንደዚሁ ነው፤ ድስት አይነጣበት። የሽቦ መፈግፈጊያ ደግሞ የራሱን ስብርባሪ ትቶ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚዝገው እሱ ሆኖ ሳለ «ድስቱ ዛገ» እንላለን።

ሰማያዊና ወርቅማ የቀስተ ደመና ቀለም ከሙቀት የመጣ ነው፣ ምግቡን አይጎዳም። ታች ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ደግሞ የውሃው ኖራ ነው። ሁለቱንም ሎሚ ወይም ጥቂት አቼቶ በውሃ አፍልቶ ማሳደር ያስለቅቃቸዋል። ለተቃጠለ ቂጥ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አፍልቶ ማቆየትና በእንጨት ማንኪያ መፋቅ ይበቃል።

ውሃው አልቆ ባዶውን የቀረ ድስት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቂጡ ውስጥ የታፈነው አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ቀይ ፍም የመሰለ ስቶቭ ላይ ለረጅም ጊዜ ባዶውን የተረሳ ድስት እዚያ ሊደርስ ይችላል። ያኔ ድስቱን በድንጋጤ ማንሳት አደገኛ ነው፤ ታችኛው ሳህን ተላቅቆ የቀለጠው እግር ላይ ሊፈስስ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም አይሆንም። እሳቱን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ድስቱን ሳይነኩ እዚያው እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ቂጡ ከተነፋ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት የሚወዛወዝ ከሆነ ለማብሰያነት አያገልግል።